ፈቃድ ያልወጣለት ድንኳን

ባለፈው ቅዳሜ ዳላስ አጠገብ ግሬፕቫይን የምትባል ከተማ ላይ ዝናብ ያዘኝ። ዋናው መንገድ ላይ ገበያ ተዘርግቶ ነበር፤ ማር የሚሸጥ፣ ሻማ የሚሸጥ፣ ጊታር ይዞ ለራሱ የሚያንጎራጉር ሽማግሌ፣ እንዲህ ያለ ነገር። እኔ የሄድኩት እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው። የዚህ አገር ሰማይ ጠዋት ጥርት ብሎ ሲታይ አትመኑት፤ ድንገት ዘረገፈው። ሮጥኩ፣ ሮጥኩ ስላችሁ እንግዲህ በእድሜዬ ልክ ነው፣ አንዲት ሳሙና ሻጭ ድንኳን ሥር ገባሁ። ዛሬ ዛሬ ድንኳኑ ሁሉ ላስቲክ ሆኗል፤ ይሄኛው ግን ደህና የድሮ ሸራ ነበር። የራሰ ሸራ ሽታ ታውቁታላችሁ? ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ ሻጋታ፣ ትንሽ የጋራዥ ዘይት። ምሰሶው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ተለጥፏል። ሌላ ሰው ድንኳን ሥር ሲጠለል ዝናቡን ያያል፤ እኔ የማየው ፈቃዱን ነው። መነጽሬን አወጣሁና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የአመልካች ስም። አድራሻ። ከመቼ እስከ መቼ። ኃላፊ ሰው። ሳሙና ሻጯ ደንገጥ ብላ፣ "ኢንስፔክተር ነህ እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ አይደለሁም፣ የድሮ ወዳጄን እያየሁ ነው" አልኳት። ሳቀች። አልገባትም፤ እንዴትስ ይገባታል?

ያ ነገር የሆነው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ይሁን ወይ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ዓመቱ ተምታቶብኛል። የማስታውሰው ቤንዚን ጋሎኑ አንድ ዶላር ከምናምን እንደነበረ፣ ወገቤ ላይ ቢፐር፣ ያን የጥሪ መሣሪያ፣ አንጠልጥዬ እዞር እንደነበረና አንድ ቡናማ ሱፍ ልብስ እንደነበረኝ ነው። ሱፉን ዳላስ ከአንድ የቅናሽ ሱቅ ነው የገዛሁት። ደረቱ ድርብ፣ ትከሻው ውስጥ ወፍራም ስፖንጅ ያለበት ነው፤ ያን ጊዜ ፋሽኑ እሱ ነበር። ባለቤቴ ሂሩት "በሩ ይጠብሃል፣ በጎን ግባ" እያለች ታሾፍብኝ ነበር። በዚያ ሱፍ ነው ኤርፖርቱ አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ረዳት ጠበቃ አድርጋ የቀጠረችኝ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ብዙ እንጀራ በልቼባታለሁ። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ሙሉ እዚያው ኤርፖርት የፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ፣ የሕግ መጽሐፍ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በአንድ እጄ ገጽ እየገለጥኩ በሌላው የሰው ቲኬት እየተቀበልኩ ነው የተማርኩት። እስከ ዛሬ አንዳንድ የሕግ አንቀጽ ሳነብ የመኪና ጭስ ይሸተኛል።

የከተማ ጠበቃ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል አይደል? የእኔ ሥራ ሣር ነበር። ሣሩ ከአሥራ ሁለት ኢንች በላይ የረዘመበት ሰው ይከሰሳል፤ ከሳሹ እኔ። ውሻው የሚጮህበት፣ አሮጌ መኪና ግቢው ውስጥ ፓርክ ያደረገ፣ ያለ ፐርሚት አጥር ያጠረ፣ ሁሉም ማክሰኞ ማክሰኞ ችሎት ይመጣል። "ክብርት ዳኛ፣ ከተማዋን ወክዬ ቆሜያለሁ" ስል ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለ ሣር እኮ ነው! ያም ሆኖ ሀበሻው መንግሥት አደረገኝ። የሀበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ስገባ ወሬ ይቆማል። አንዱ ታክሲ ነጂ "ሰላም ነው፣ ኦኬ ነው፣ ሁሉም ኦኬ ነው" ብሎኝ ቡናውን ሳይጨርስ ይወጣል። እኔን የማይፈራኝ ጋሽ ሰይድ ብቻ ነበሩ። የደሴ ሰው ናቸው፤ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል የሚነዱ፣ ጥርሳቸው ከሩቅ የሚታይ። ገና ከበር ሲያዩኝ "የሣር ሚኒስትሩ መጣ፣ እግራችሁን ሰብስቡ!" ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሱቁ ሙሉ ይስቃል፣ እኔም ሰው እሆናለሁ።

የእድራችን ድንኳን ጠባቂ እሳቸው ነበሩ። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ እድር ነበርን፤ ቁጥራችን ስላነሰ ተለያይተን ለማዘን አቅሙ አልነበረንም። ድንኳኑን ከአንድ የወታደር ዕቃ መሸጫ ነው የገዙት፣ አረንጓዴ፣ ከባድ፣ አራት ሰው የሚሸከመው። ጋራዣቸው ውስጥ አጣጥፈው ያስቀምጡትና በዓመት ሁለቴ አውጥተው አጥር ላይ ያናፍሱታል። ሚስታቸው "ለእኔ እንዲህ ብትሆን" ይሏቸው ነበር አሉ።

እኛ ያኔ ኤርፖርቱ አጠገብ ዩለስ በምትባል ከተማ አፓርትመንት ውስጥ ነበርን፣ ሁለተኛ ፎቅ። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ይንጫጫል። ያን ሰፈር የኖረ ሰው አንድ ልማድ አለው፤ ወሬ መሃል ላይ ዝም ይላል፣ አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ይጠብቃል፣ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። ሂሩት ቃሉን እንኳ ከግማሹ አቁማ ግማሹን በኋላ ትጨርሰው ነበር። አሁን እሷ የለችም። እኔ ግን በሐሳቤ ሳናግራት አሁንም መሃል ላይ ዝም እላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቶዮታችን ውስጥ አንድ ካሴት ነበረን፣ ከካሴት ካሴት እየተቀዳ የመጣ፣ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን የሚመስል። መስኮቱን ዝቅ አድርገን፣ ያ የነሐሴ ሙቀት ፊታችን ላይ እየነፈሰ፣ የትም ሳንሄድ እንነዳ ነበር። ዴንተን ከተማ ድረስ ሄደን አይስክሬም በልተን ተመልሰናል። ምን ነካን? ደስታ ነዋ፤ ያን ጊዜ ግን ስሙን አላወቅነውም።

በዚያ ነሐሴ ነው አቶ ተሾመ የሞቱት። የጋሽ ሰይድ የሥራ ባልደረባ ነበሩ፤ ሻትሉን አቁመው ሻንጣ ሊያወርዱ ሲሉ ልባቸው ቀጥ አለች። ሚስታቸው እትዬ ፀዳለ ናቸው፣ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጡ፣ ቁመተ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ። ቤታቸው እኔ የምሠራባት ከተማ ውስጥ፣ መውጫ የሌለው መንገድ ጫፍ ላይ ነበረ። ከቢሮ በቀጥታ ሄድኩ፣ በዚያ ሱፍ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ ጋሽ ሰይድ ድንኳኑን እየዘረጉ ነው፤ ድራይቭዌዩ፣ የመኪና መግቢያው፣ አልበቃ ብሏቸው ግማሹ መንገዱ ላይ ወጥቷል። አዩኝና "ምን ትገተራለህ፣ ና ያዝ!" ብለው የገመዱን ጫፍ ወረወሩልኝ። ኮቴን አውልቄ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩና ያዝኩ። "ሳብ! በለው! አብሽር!" ይላሉ። ሸራው እየተነፋ ሲነሳ ገመዱ መዳፌን ላጠው።

እንግዲህ እኔ የሕግ ሰው ነኝ። በቀደመው ሳምንት ብቻ ያለ ፐርሚት ድንኳን የተከለ አንድ የመኪና ነጋዴ ከስሼ አስቀጥቻለሁ። ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ መንገድ የዘጋ ድንኳን የእሳት አደጋ መኪና ስለማያሳልፍ ቀልድ የለውም። ግን ለቅሶ ቤት ደርሶ "ፈቃድ አላችሁ ወይ?" የሚል ፍጡር አለ? ትዝ አላለኝም። ብትገርፉኝ ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ እኔ ቢሮ ሳለሁ የከተማው ኢንስፔክተር ለቅሶ ቤቱ መጣ። ዩኒፎርም ለብሷል፣ ደረቱ ላይ ባጅ አለ። የእኛ ሰዎች ምን አሉ? አቶ ተሾመ ኤርፖርት አይደል የሚሠሩት፣ ከጠዋት ጀምሮ ዩኒፎርም የለበሰ ፈረንጅ ለለቅሶ ሲገባ ሲወጣ ነው የዋለው። ይሄም ከሥራ ቦታ የመጣ መስሏቸው ወንበር ሰጡት። ባርኔጣውን አወለቀ። ምግብ አቀረቡለት፤ እምቢ ቢል ማን ይሰማዋል፣ በላ ምስኪን። ከዚያ "ኃላፊው ማነው?" አለ። ጋሽ ሰይድ በኋላ ሲነግሩኝ "ሊያጽናና ፈልጎ መስሎን ሁላችንም ወደ ፀዳለ አየን። ባሏ ነው የሞተው፣ ሌላ ማንን እንይ?" አሉ። እትዬ ፀዳለ ከመቀመጫቸው ተነሱ፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ፈርሚ ያላቸው ቦታ ላይ ፈረሙ፣ "እግዜር ያክብርልኝ" ብለው እጅ ነሱት። ወረቀቱንም ከሥራ ቦታ የተላከ የሐዘን ደብዳቤ መስሏቸው ከሌሎቹ የማጽናኛ ካርዶች ጋር ቅርጫት ውስጥ አስቀመጡት።

ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ካሉት ፋይሎች ሦስተኛውን ከፈትኩ። ያለ ፐርሚት ድንኳን መትከል፣ መንገድ መዝጋት፣ ለጥሪው መልስ አልሰጠችም፣ ማክሰኞ ትቅረብ። ስሙን አነበብኩ። አድራሻውን አነበብኩ። መዳፌን ገልብጬ አየሁ፤ የገመዱ ጠባሳ ገና ሮዝ ነው። ያኔ የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም ነበር፤ በአንድ ቃል "ደህና ሁን" ሊሉኝ ይችላሉ። ሂሩት ደግሞ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛለች።

ዕለቱን ቤት ስደርስ ስልኩ ይጮኻል። እትዬ ፀዳለ ናቸው፤ እሳቸውም ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል።

"ጌታቸው ልጄ፣" አሉኝ፣ "ተሾመን የቀበርኩት በወንጀል ነው እንዴ?"

"እትዬ ፀዳለ፣ ወንጀል አይደለም፣ ማለቴ… እኔ ላማክርዎ አልችልም።"

"ለምን? ጠበቃ አይደለህ?"

"የከተማው ጠበቃ ነኝ። እኔ… ከሳሽዎ ነኝ።"

ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ ነው፣ የአውሮፕላን ዝምታ አይደለም። "አንተ?" አሉ ቀስ ብለው። "አንተ ነህ የከሰስከኝ? ያን ገመድ ይዘህ አላየሁህም?" ስልኩን ዘጉት።

ለሂሩት ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አላስቀመጠችም። "አንዲት ፊርማ ብፈርም ክሱ ይዘጋል፣ ማንም አያውቅም" አልኳት። "ታዲያ ፈርማ" አለች። "እኔ ራሴ ያለሁበትን ጉዳይ በራሴ እጅ ልዘጋ? እሱማ ሌብነት ነው። በዘመድ የሚያልቅ ነገር ሸሽተን አይደል የመጣነው?" "እንግዲያው እዚያ እንደነበርክ ተናገር።" "ያባርሩኛል፣ ሂሩት!" ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት አውሮፕላን መጣ። ቆመን ተያየን። ብርጭቆው ተንጫጫ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ እሷ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ ዓይኗ ውኃ ሞልቷል። አልፎ ሲሄድ "የፓርኪንግ ዳሱ የትም አልሄደም። መንገዱን እንኳ ታውቀዋለህ" አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። አፈር ስሆን፣ እንዴት እንደምወዳት አንድ ቀን ደህና አድርጌ ነግሬያት አላውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ሚስተር ሃርላን ይባላል፤ ረጅም፣ ቡትስ የሚያደርግ፣ ስቴኪኒ ከአፉ የማይለይ ሰው። ሁሉንም ነገርኩት። ስቴኪኒውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረና "የትኛውን ገመድ?" አለኝ። "የግራውን፣ በመንገዱ በኩል ያለውን" አልኩ። "መንገዱን የዘጋውን ማለት ነው።" "አዎ ሰር።" ፋይሉን ከእጄ ወሰደ። "ዛሬ በእኔ በኩል አትቀመጥም። ስለ ሥራህ ከችሎት በኋላ እንነጋገራለን" ብሎኝ ወጣ።

ችሎቱ በር ላይ ደረስኩ። ውስጡ የሐዘን ጥቁር በጥቁር ነው፤ ከሥራ በቀጥታ የመጣም አለ። ሹፌሩ የኤርፖርት ባጁን አንጠልጥሎ፣ ነርሷ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች፣ እድሩ በሙሉ አግዳሚውን ሞልቶታል። የሣራቸው ጉዳይ የሚታይ ሁለት ፈረንጆች መሃላቸው ተጣብቀው ተቀምጠዋል። እትዬ ፀዳለ ከፊት ናቸው፤ ዞር ብለው አላዩኝም። የኔን የወትሮ ወንበር አልፌ፣ ያቺን አጭር የእንጨት አጥር ተሻግሬ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ከሰው ጋር ተቀመጥኩ። ሱፉ እንደዚያን ቀን ሰፍቶኝ አያውቅም።

ዳኛዋ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴትዮ ነበረች። እትዬ ፀዳለን አስነስታ "ድንኳኑን የተከልሽው አንቺ ነሽ?" አለቻቸው። ገና ሳይመልሱ ጋሽ ሰይድ ብድግ አሉ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው "ክብርት ዳኛ፣ ድንኳኑ የኔ ነው። እሷ ሐዘንተኛ ናት። ሐዘንተኛ ድንኳን አይተክልም" አሉ። ከኋላቸው አንዱ ተነሳና "ካስማውን የመታሁት እኔ ነኝ" አለ። "ወንበሩን የደረደርኩት እኔ" አለች ነርሷ። ተነሳ፣ ተነሳ፣ አግዳሚው ባዶ ሆነ። መሃል የነበሩት ሁለቱ ፈረንጆች እንኳ ግራ ገብቷቸው ተነሱ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታች። "እኔ የምፈልገው አንድ ሰው ነው! ኃላፊው ማነው?"

እኔም ቆሜያለሁ፤ መቼ እንደቆምኩ አላውቅም። "ክብርት ዳኛ፣ መንገዱን የዘጋውን ገመድ የያዝኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

መነጽሯን አደረገች። "አንተ የከተማው ጠበቃ አይደለህም?"

"ነበርኩ። አሁን መሆኔን አላውቅም።"

ሚስተር ሃርላን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኔ ቀጠልኩ፤ በእኛ ወግ ሰው ሲሞትበት ድንኳኑን ጎረቤት እንደሚተክል፣ ሐዘንተኛው መተከሉን እንኳ እንደማያውቅ፣ ወይዘሮዋ የክሱን ወረቀት የማጽናኛ ደብዳቤ መስሏቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው እንዳመሰገኑ ነገርኳት። እዚህ ላይ ዳኛዋ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። "አመሰገነችው?" አለች። ኢንስፔክተሩ ከጥግ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ "አዎ፣ ክብርት ዳኛ። ምግብም አብልተውኛል" አለ። ሚስተር ሃርላን ስቴኪኒውን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተና "ከተማዋ በወይዘሮዋ ላይ ያቀረበችውን ክስ አንስታለች" አለ፤ ቀጥሎ፣ "ለዚህ ሁሉ ተከሳሽ የሚበቃ ወንበርም የላትም።"

ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲተቃቀፍ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። እትዬ ፀዳለ መጡ። ምርቃት ጠብቄ ነበር፣ ምን ልዋሽ። እሳቸው የኮቴን ኮሌታ በጣታቸው አቃኑና "ሱፉ ይሰፋሃል" ብለውኝ ሄዱ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሚስተር ሃርላን እስከ ከሰዓት አስቀመጠኝ። በኋላ ጠርቶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስፈረመኝ፤ ፋይሌ ውስጥ እስከ ጡረታዬ ድረስ ነበረች። ከዚያ "አንድ ቅጽ ጻፍልኝ" አለ። "ሰው የሞተበት ሰው፣ ወይም ጎረቤቱ፣ በዕለቱ መጥቶ የሚሞላው። ክፍያ የለውም። መንገድ አይዘጋም።" አንድ ሳምንት ሙሉ ጻፍኩት። የተጨቃጨቅነው በአንዲት መስመር ላይ ብቻ ነበር። "ኃላፊ ሰው" የሚለውን እናውጣው አልኩት፣ በእኛ ዘንድ ኃላፊው አንድ ሰው አይደለም። "ቢቃጠል ለማን ነው ኮል የማደርገው? ሁልጊዜ አንድ ስም ያስፈልጋል" አለ። እውነቱን ነው፤ ተወው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ቅጽ ጽፌያለሁ፤ የምወደው ግን እሱን ነው። የጎረቤት ከተሞችም ቀስ በቀስ ቀዱት መሰለኝ፣ ግሬፕቫይን ላይ ያነበብኩት እንኳ አጎቱን የሚመስል ልጅ ነው። ሚስተር ሃርላን ሞተ። ጋሽ ሰይድም፣ አላህ ይማራቸውና፣ ሞቱ፤ ያ አረንጓዴ ድንኳን የተተከለላቸው ዕለት ገመዱን የያዝኩት አሁንም እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ሂሩት። አራት ዓመት ሆናት። ያኔ ያችው የሠራሁባት ከተማ ውስጥ ቤት ገዝተን ነበር። ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሦስት ቀን ሰው ሲገባ ሲወጣ አየሁ። አላለቀስኩም። ሰው "ጠንካራ ነው" ይላል፤ ጥንካሬ አይደለም፣ እንባው የት እንደሄደ ጠፍቶኝ ነው። ዝም እላለሁ፣ አውሮፕላኑ እስኪያልፍ እንደሚጠብቅ ሰው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዘነበ። አየር ላግኝ ብዬ ወጣሁ። ድራይቭዌዩ ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ ያው የጋሽ ሰይድ ድንኳን፤ መተከሉን አላወቅኩም ነበር። የራሰ ሸራ ሸተተኝ። ምሰሶው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አለ። ልማድ አይደል፣ መነጽሬን አውጥቼ አነበብኩት። አድራሻው የኔ ነው። ቀኑ ሂሩት ያረፈችበት ቀን ነው። "ኃላፊ ሰው" የሚለው መስመር ላይ፣ በሚንቀጠቀጥ ትልልቅ ፊደል፣ መጀመሪያ በአማርኛ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ፀዳለ ይላል። በኢንተርኔት መሙላት ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ሂሩት ማረፏን እንደሰሙ ተደግፈው የሚሄዱበትን ዎከር እየገፉ ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ ሄደው ነው ያወጡት አሉኝ።

ወረቀቱን እያየሁ ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለሰው እንዳይታይ ወደ ግድግዳው ልዞር ስል ክንዴን አንድ ቀጭን እጅ ያዘኝ። እትዬ ፀዳለ ከጎኔ ቆመዋል። በሌላው እጃቸው የኮቴን ኮሌታ አቃኑልኝ።

"አልቅስ ልጄ" አሉኝ፣ "ፈቃዱን አውጥቼልሃለሁ።"